ቀለሁን ማን ሞላው?

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን የድል በዓል ሲከበር በግቢያችን አዳራሽ ግጥም ይነበባል፣ ይሸለላል፣ ይፎከራል። ጠመንጃው ሁሉ በየስሙ ይወደሳል፤ ውጅግራው፣ ሰናድሩ፣ ምንሽሩ አይቀርም። የተኳሹ ዐይን፣ የተኳሹ ክንድ፣ የተኳሹ ፈረስ እንኳ ድርሻቸውን ያገኛሉ። ይህ መልካም ነው፤ አንቃወምም። ነገር ግን ያ ሁሉ ጥይት ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ገጣሚ እስካሁን አልሰማንም። አንዱ ከጠላት ተማርኮ መጣ፤ ይህ እውነት ነው፣ ግጥሙም ይናገረዋል። አንዱ ደግሞ ተተኩሶ ባዶ ከቀረ በኋላ ከመሬት ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ተቃንቶ፣ እንደገና ባሩድና እርሳስ ጎርሶ ወደ ዝናር የተመለሰ ቀለህ ነው። ይህን የሠራ ሰው በግጥሙ ውስጥ ቦታ የለውም። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንጽፈው ስለ እርሱ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ 1927 ዓ.ም. መለስ ማለት ያስፈልጋል። ጦርነቱ መምጣቱ በግልጽ ከታወቀ በኋላ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን የጦር መሣሪያ አንሸጥም አሉ። በወረቀት ላይ ሲያዩት ሚዛናዊ ይመስላል። ነገር ግን ኢጣልያ ጠመንጃዋንም ጥይቷንም በገዛ ፋብሪካዋ የምትሠራ አገር ነበረች፤ ኢትዮጵያ ደግሞ አብዛኛውን ከውጭ የምታስገባ፣ ያውም ወደብ የሌላት። እንግዲህ እኩል የሚባለው እገዳ አንዱን ብቻ አሠረ። የመንግሥታቱ ማኅበር በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ እገዳውን ከኢትዮጵያ ላይ ሲያነሣ ጠላት መረብን ተሻግሮ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ ደግሞ በዱር ለቀረው አርበኛ የሚያቀብለው ባቡርም፣ የሚሸጥለት ነጋዴም፣ የሚያመርትለት ፋብሪካም አልነበረውም። ከከተማ በስውር ጥይት የሚያሾልኩለት እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ ደፋሮች ነበሩ፤ የማረከው ነበረ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በገዛ እጁ የሚሠራው ብቻ ነው።

ባዶ ቀለህ አለመጣል ግን በአምስቱ ዓመት የተጀመረ አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት በብዙ የአገራችን ገበያ እንደ ሽርፍራፊ ገንዘብ ይሠራበት ነበር፤ ማርያ ቴሬዛ ብር ለትልቁ፣ አሞሌና ጥይት ለትንሹ። በጥይት በርበሬ የሚገዛ ሕዝብ የጥይትን ዋጋ ከማንም ይልቅ ያውቃል። ንጉሡም ያውቁ ነበር፤ በ1885 ዓ.ም. ከኢጣልያ መንግሥት የተላከላቸውን ሁለት ሚሊዮን ጥይት ከተረከቡ በኋላ ነው የውጫሌን ውል መሻራቸውን ያስታወቁት። ከሦስት ዓመት በኋላ ዐድዋ ላይ የሆነውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ስለዚህ አንደግመውም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ አብዛኞቻችን የምናልፈው እሱን ነውና። ጥይት አንድ ነገር አይደለም፣ አራት ነገር ነው። ከፊት የሚሄደው እርሳስ አለ፤ የሚገፋው ባሩድ አለ፤ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው በቀለሁ ቂጥ የተቀበረ ትንሽ ቆብ፣ ማለት ካፕሱል አለ፤ ሦስቱን አንድ ላይ የያዘው የናስ ቀለህ አለ። ጠመንጃው በተተኮሰ ጊዜ እርሳሱ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ ካፕሱሉ ይሞታል። ቀለሁ ግን ይቀራል። ከአራቱ በዋጋም በአሠራርም ከባዱ ቀለሁ ነው፤ ከናስ ሳሕን እየተገፋና እየተሳበ በብዙ መኪና የሚወጣ ነውና። እንግዲህ በጣም ውዱ ነገር መሬት ላይ ወድቆ ሲገኝ ጎንበስ ብሎ ማንሣት ጥበብ እንጂ ድህነት አይደለም።

ውጅግራ የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ ስሙም ከፈረንሳይኛው «ፊዩዚል ግራ» ተለውጦ የመጣ ነው። የ1874 እ.ኤ.አ. ሥሪት ሲሆን አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር ነው። ጥይቱ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስና ከ5 ግራም ትንሽ የሚበልጥ ጥቁር ባሩድ ይጎርሳል። ሒሳቡን ለወደደ፦ ከአንድ ኪሎ እርሳስ 40 አረር ይወጣል፣ አንድ ኪሎ ባሩድ ደግሞ ወደ 190 ቀለህ ይሞላል። እርሳስ በማንኛውም የወጥ ቤት እሳት ይቀልጣል፤ የሚፈስበትን ቅርጽ ከድንጋይም ከብረትም መሥራት የሚችል ቀጥቃጭ ባገራችን ሞልቷል። ጥቁር ባሩድ ደግሞ ድኝና ከሰል የባሩድ ጨውም የሚገቡበት፣ አባቶቻችን ከብዙ ትውልድ ጀምሮ ሲደቁሱት የኖሩ ነገር ነው። ድኙን ቆላው የአፋር ምድር ይሰጣል፤ ከሰሉን ማንም ያከስላል።

ጥቁር ባሩድ አንድ ትልቅ ጠባይ አለው፤ ለመንደር ሥራ የተመቸ ያደረገውም ይኸው ነው። ቀለሁን እስኪሞላ ድረስ ቢያገቡትም ለጠመንጃው የተመደበው ልክ ያው ነው። ስለዚህ ሚዛን ባይኖር የቀንድ መስፈሪያ ይበቃል። ከዚያ በኋላ የመጣው ጢስ የሌለው ባሩድ ግን እንዲህ አይደለም። ፈረንሳዮች በ1886 እ.ኤ.አ. ለሠራዊታቸው ያስገቡት ይህ ዓይነት ባሩድ በክብደቱ ሲለካ ከጥቁሩ ብዙ ጊዜ ይበረታል፤ በጠመንጃው ጓዳ ውስጥ የሚነሣው ግፊት ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ቀለሁም ጠመንጃው ከሚችለው በላይ ሊጎርስ ይችላል። ጥቁር ባሩድ የለመደ እጅ በዚያው መስፈሪያ ጢስ የሌለውን ቢሰፍር ጠመንጃው በፊቱ ይፈነዳል። የእርሳሱም ነገር ተለወጠ፤ በፈጣኑ ባሩድ የሚሄድ ራቁት እርሳስ በአፈሙዙ ውስጥ ስለሚፋቅ መዳብ መልበስ ግድ ሆነ። በዚህ ምክንያት አሮጌው ውጅግራ በዱር ሲያገለግል አዲሱ ምንሽር አንዳንዴ እንደ በትር ይቀመጥ ነበር ቢባል አያስገርምም። ጥይት ያለቀበት አዲስ ጠመንጃ ጥይቱ ከሚሠራለት አሮጌ ጠመንጃ አይሻልም።

ስለ ናስም አንድ ነገር እንበል፤ የኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን ይወዱታልና። ቀለህ በተተኮሰ ቁጥር ይለጠጣል፤ እንደገና ሲጠብ ይጨመቃል፤ እንዲህ ሲመላለስ እየደረቀ ሄዶ በአንገቱ ይሰነጠቃል። መድኀኒቱ በእሳት ማለስለስ ነው። ብረት የለመደ ቀጥቃጭ የጋለ ነገር ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደሚጠነክር ያውቃል። ናስ ግን ከእሳት ወጥቶ ውሃ ቢገባም በዝግታ ቢበርድም ያው ለስላሳ ይሆናል። ሌላም አለ። የዚያን ዘመን ካፕሱል ባዜቃ ያለበት ቅመም ነበረው፤ ባዜቃ ደግሞ ናስን ይበላል። በጥቁር ባሩድ ዘመን ብዙው ጥላሸት ባዜቃውን እየጠረገ ያወጣው ስለነበር ቀለሁ ብዙ አይጎዳም ነበር። ጢስ የሌለው ባሩድ ሲመጣ ጥላሸቱ ጠፋ፣ ባዜቃው በናሱ ላይ ቀረ፣ ቀለሁም እንደ ሸክላ ተሰባሪ ሆነ። አሜሪካኖች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባዜቃ ያለበትን ካፕሱል ለመተው ካበቋቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። የጥቁሩ ባሩድ ጥላሸት በበኩሉ እርጥበት እየሳበ ናሱን ስለሚበላ ቀለሁ ሳይውል ሳያድር በሙቅ ውሃ መታጠብ ነበረበት። በዱር፣ በዝናብ፣ ከጠላት እየሸሹ ይህን ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ያስብ።

ይህ ሥራ የእኛ ብቻ አልነበረም፤ እዚህ ላይ ነው ንጽጽሩ የሚያሳፍረን። በአሜሪካ ምዕራብ ጎሽ አዳኞች ከባቡር ርቀው ሲሰፍሩ ባሩድና እርሳስ በጅምላ ይገዙ፣ ቀለሁን በሰፈራቸው እሳት ዳር ይሞሉ ነበር። የአገሪቱ ጦር ራሱ በየምሽጉ የመሙያ መሣሪያ አድሎ ወታደሩ ዒላማ የሚለማመድበትን ጥይት እንዲሠራ ያበረታታ ነበር። በ1884 እ.ኤ.አ. ጆን ባርሎ የተባለ ሰው በኮነቲከት «አይዲያል» የሚል ኩባንያ አቋቁሞ ጉጠት የሚመስል መሣሪያ መሸጥ ጀመረ፤ በአንድ እጅ ተይዞ የሞተውን ካፕሱል ያወጣል፣ አዲሱን ያስገባል፣ እርሳሱን ይተክላል፣ በጫፉም እርሳስ ማፍሰሻ ቅርጽ ያለው ነበር። ሪቻርድ ሊ የሚባል የዊስኮንሲን ሰው ደግሞ በ1958 እ.ኤ.አ. ከዚያም የቀለለ አመጣ፤ መጀመሪያ ለአደን ጠመንጃ ጥይት፣ ኋላም ለሌላው። አንድ የብረት ቀፎ፣ ጥቂት ዘንግ፣ አንዲት የባሩድ መስፈሪያ ማንኪያ፣ መምቻውም መዶሻ ብቻ። በትንሽ ሣጥን ይገባል፤ ዋጋውም የሠራተኛን ደመወዝ የማይነካ ነው። የጠመንጃው ባለቤት ማታ ከራት በኋላ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ የባሩድ ፋብሪካው ያሳተመውን የልክ ሠንጠረዥ ዘርግቶ፣ አንድ በአንድ ይሞላል። በማግስቱ ለጎረቤቱ «ይህን ራሴ ነኝ የሞላሁት» ብሎ ይኮራል።

በመንገዳችን ላይ ለማወቅ የሚያስደስት አንድ ነገር እንጣል። ካፕሱል በሁለት መልክ ይሠራል፤ ሁለቱም በ1866 እ.ኤ.አ. የተገኙ ናቸው። አንዱን ያወጣው ቦክሰር የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን፣ ሌላውን ያወጣው በርዳን የተባለ አሜሪካዊ ነው። የእንግሊዛዊው ዓይነት በቀለሁ መካከል አንድ ቀዳዳ ብቻ ስላለው በቀጭን ዘንግ ከውስጥ ተገፍቶ ይወጣል። የአሜሪካዊው ግን መመቻው ከቀለሁ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ በጎንና በጎኑ ጥቃቅን ቀዳዳ እንጂ የመካከል ቀዳዳ የለውም፤ በዘንግ አይወጣም። አሜሪካ የእንግሊዙን ወሰደች፤ አብዛኛው የአውሮፓ ሠራዊት ግን የአሜሪካዊውን ያዘ። የአሜሪካ ገበሬ በመዶሻና በዘንግ የሚጨርሰውን፣ የአውሮፓ ቀለህ የያዘ ሰው በብዙ መከራ ማውጣት ነበረበት። አንድ ተራ የቀዳዳ ነገር የአንድን አገር ሕዝብ በእጁ ሠሪ፣ የሌላውን ገዢ ሊያደርግ ይችላል፤ የኤኮኖሚክስ መጻሕፍታችን ግን እንዲህ ያለውን አያነሡም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የአሜሪካው ሰው የሚኮራበትን ሥራ እኛ አገር የሚሠራው ማን ነበር? እርሳሱን የሚያፈሰው፣ ቀለሁን የሚያቃናው፣ የተሰበረውን የጠመንጃ ምላጭ የሚተካው ቀጥቃጩ ነው። ስሙስ ማን ነበር? ጠይብ፣ ቡዳ፣ እጀ ክፉ። ቀን ጥይት ያስሞላው ሰው ማታ ልጁን «በዓይኑ እንዳይበላህ ከደጁ እንዳትደርስ» ይለው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ያዘዘ አዋጅ ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ዛሬም በብዙ አገር ቤት፣ እውነቱን እንናገር ከተባለም፣ በዚሁ ግቢ በመኝታ ቤቶቻችን ውስጥ ይሰማል። መልኩን ብቻ ለወጠ። ፈተና ያልሆነለት ልጅ «በቃ ብየዳ ይማር» ይባላል። መፍቻ የያዘ ተማሪ የሠራተኛ ልጅ ነው ተብሎ ይሾፍበታል፤ ጠመንጃ የያዘ አያት ያለው ግን ሲናገር ሁሉም ያደምጠዋል። ለመሆኑ የዚያ አያት ጠመንጃ ያለዚያ ቀጥቃጭ ምን ይረባ ነበር?

እዚህ ላይ የአንዳንድ ጓደኞቻችን ተቃውሞ እንደሚመጣ እናውቃለን። «አገራችን በነዚህ ዓመታት የጥይት እጥረት ሳይሆን የጥይት ብዛት ነው ያቃጠላት፤ የተማሪ ማኅበር ልሳን ደግሞ ስለ ቀለህ አሞላል ይጽፋል» ይሉናል። ስለ ብዛቱ ያሉት ትክክል ነው፤ ሐዘኑም የሁላችን ነው። እኛም ማንም ሰው በመኝታ ቤቱም ሆነ በወላጆቹ ቤት ቀለህ ይሙላ አላልንም፤ አንልምም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጥይትን ያለ ፈቃድ መሥራት ይከለክላል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ ከየሜዳው የተለቀመ፣ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰና በምን ባሩድ እንደተሞላ የማይታወቅ ቀለህ እጅና ዓይን የሚነጥቅ ነገር ነው። አሜሪካዊው በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ የሚሠራው የታተመ ሠንጠረዥ፣ የታወቀ ባሩድና የሚጠይቀው ሕግ ስላለው ነው። እኛ የምናነሣው የጥይቱን ነገር ሳይሆን የእጁን ነገር ነው። ያ እጅ በጦርነት ዘመን ጥይት ሞላ፤ በሰላም ዘመን የውሃ ፓምፕ ይጠግን፣ የወፍጮ ጥርስ ይቆርጥ፣ ማረሻ ያቃና ነበር። ለጥይቱ ስንፈልገው ጠራነው፤ ለማረሻው ስንፈልገው ናቅነው።

ሌላው የሚሰነዘርብን ነገር «ይህ የታሪክ ክፍል ሥራ ነው፣ የማኅበሩ አይደለም» የሚል ነው። የታሪክ ክፍል የጦር አለቆቹን ጽፎልናል፤ እናመሰግናለን። ግን የናስን ጠባይ የሚያውቀው የኬሚስትሪ ተማሪ ከታሪክ ተማሪው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጦ አንድ አዛውንት ቢጠይቅ፣ ጥያቄውም መልሱም ሌላ ይሆናል። ታሪክ ብቻ የተማረ ሰው «አባትዎ ጥይት ይሞሉ ነበር?» ብሎ «አዎ» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። ናስ የሚያውቅ ግን «ቀለሁ ሲሰነጠቅ ምን ያደርጉት ነበር? ካፕሱሉንስ በምን ያወጡት ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። አርበኞቹ ራሳቸው አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ልጆቻቸው ግን በሽምግልና ዕድሜ በሕይወት አሉ፤ በልጅነታቸው የወናፍ ገመድ የሳቡ፣ እርሳስ ሲፈስ ቆመው ያዩ ናቸው። እነርሱም ዘላለም አይጠብቁንም።

ስለዚህ ማኅበራችን ሁለት ነገር እንዲያደርግ እንጠይቃለን። የመጀመሪያው የግቢው ወርክሾፕ ነገር ነው። በሩ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ተቆልፎ፣ ማሽኖቹ አቧራ ለብሰው፣ የምሕንድስና ተማሪ እንኳ ፋይል በእጁ ሳይዝ የሚመረቅበት ሁኔታ መቀጠል የለበትም። ኀላፊዎቹ «ዕቃ ይጠፋል» ይላሉ። ዕቃ ሊጠፋ ይችላል፤ እየጠፋ ያለው ግን ከዕቃው ይበልጣል። ተቆጣጣሪ ተመድቦ በሳምንት ሁለት ማታ ለማንኛውም ክፍል ተማሪ፣ ለሕግም ለቋንቋም ተማሪ ጭምር፣ እንዲከፈት የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ መልሱም መልካም ሆነ ክፉ በዚህ ጋዜጣ ይታተም። በከተማው ካሉት ብረት ሠሪዎችም አንድ ሁለቱ በክፍያ መጥተው እንዲያስተምሩ ይደረግ፤ «በክፍያ» ያልነው ሆን ብለን ነው፤ ለክቡር እንግዳ አበል እየከፈልን ለባለ እጅ ምስጋና ብቻ የምንሰጥበት ልማድ አልዋጠልንም።

ሁለተኛው የዕረፍቱ ነገር ነው። ክረምት ሲገባ አብዛኞቻችን ወደየአገራችን እንበተናለን። የምንሄድበት ቀበሌ ሁሉ የአርበኛ ልጅ፣ የቀጥቃጭ ልጅ አለበት። የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ስድሳ ገጽ ያላቸው ደብተሮች አዘጋጅቷል፤ የሚፈልግ ሁሉ ፈርሞ ይወስዳል። የምንፈልገው ረጅም የጀግንነት ታሪክ አይደለም። በምን መሣሪያ ተሠራ፣ መሣሪያው በቤቱ ከቀረ መልኩ በእርሳስ ይነደፍ፤ የሠራው ሰው ስም ማን ነው፤ ሴት ናት ወይስ ወንድ፤ ከሥራው በኋላ ጎረቤት እንዴት ይጠራው ነበር። የመጨረሻው ጥያቄ እንዳይዘለል አደራ እንላለን፤ አዛውንቱ ዝም ቢሉም ዝም ማለታቸው ይጻፍ። ያረጀ ጥይት ወይም ባሩድ የሚያሳይ ቢኖር እጅ አይነካውም፣ ወደ ግቢም አይመጣም፤ ለቀበሌው ፖሊስ ይነገራል። ደብተሮቹ ጥቅምት ሳይጋመስ ይመለሱ። የተሰበሰበው ተገልብጦ አንድ ቅጅ ለቤተ መጻሕፍቱ ይሰጣል። በሚመጣው ሚያዝያ 27 ግጥም የሚያነብ ተማሪም ከመጻፉ በፊት መጥቶ እንዲያያቸው ከወዲሁ ተጋብዟል።